የጎማ ዳዶ ቁልፍ ከመኪናው ጋር ይሽጥ

ለንግድ ሥራ መፋጠን ዋናው መሣሪያ መጓጓዣ መሆኑ የታወቀ ነው። ዕቃ በወቅቱ ካልደረሰ ገዢው ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል፤ ቡና በወቅቱ ካልተጫነ ገበያው ያልፈዋል፤ ውል የገባ ነጋዴም ቃሉን ሳይፈጽም ይቀራል። ስለዚህ ነጋዴ ሁሉ ስለ ነዳጅ ዋጋ፥ ስለ መንገድ መበላሸትና ስለ መለዋወጫ ዕቃ መወደድ ዘወትር ሲነጋገር ይሰማል። ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም ግን ከእነዚህ ሁሉ እጅግ ያነሰች፥ በመዳፍ ውስጥ ተጨብጣ የምትሰወር፥ ነገር ግን አንድን መኪና ከነጭነቱ ልታስቆም የምትችል ዕቃ አለች። ይህችውም የባለ ቁልፍ ጎማ ዳዶ መፍቻ ናት። ስለ እርሷ የሚያስብ ሰው እምብዛም የለም፤ የሚታሰብላትም ከጠፋች በኋላ ነው።

ነገሩ በባሌ ደጋ ላይ ቢታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ የሰነቴን አምባ ሲያቋርጥ ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር ከፍ ይላል፤ በአጠገቡም 4377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ቆሟል። በመላው አፍሪካ መኪና ከሚሄድባቸው ከፍተኛ መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። መንገዱ ከአምባው ቁልቁል ወርዶ ሪራ ከደረሰ በኋላ ሃረና ጫካ ውስጥ ይገባል። በዚሁ መንገድ የሃረና የጫካ ቡናና ማር ሽቅብ ወደ ጎባና ወደ ሮቤ ይወጣል፤ የሱቅ ሸቀጥ ደግሞ ቁልቁል ይወርዳል። በአምባው ላይ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጉም ሲጫን ከፊት ያለው መንገድ አይለይም፤ በጫካው ውስጥም አንበሳ እንደሚኖር የአገሩ ሰው ያውቃል። ይህ እንግዲህ መኪና አቁመው መካኒክ የሚጠብቁበት ሥፍራ አይደለም።

አንድ የሮቤ ነጋዴ የሃረና ቡና ገዝቶ በራሱ ላንድክሩዘር ጭኖ ሽቅብ ሲመለስ፥ አመሻሽ ላይ ጎማው በስለታም ድንጋይ ተቀደደ እንበል። ተቀያሪ ጎማ ይዟል፤ ክሪክ ይዟል፤ የጎማ መፍቻም ይዟል። ከስድስቱ ዳዶዎች አምስቱን ያለ ችግር ያላላል። ስድስተኛው ግን ዙሪያው ክብ፥ ፊቱም እንደ አበባ በተጠማዘዘ መስመር የተቀረጸ ሆኖ ያገኘዋል፤ መፍቻው አይነክሰውም። መኪናውን የሸጠለት ሰው ስለዚህ ዳዶ አንዳች ቃል አልነገረውም፤ እርሱም አልጠየቀም። እንግዲህ አምስቱ ዳዶዎች ታዝዘው አንዱ ስላልታዘዘ ብቻ መኪናው ያድራል፤ ቡናው ያድራል፤ ሰዎቹም በብርድ ሲንቀጠቀጡ ያድራሉ። ይህ ሁሉ የሆነው ዋጋዋ ከጭነቱ ጋር ሲነጻጸር ከምንም የማይቆጠር አንዲት ቁራጭ ብረት ከመኪናው ጋር ሳትመጣ በመቅረቷ ነው።

ባለ ቁልፍ ዳዶ የተሠራው ለበጎ ዓላማ መሆኑን መካድ አይገባም። የአሉሚኒየም ቸርኬ ከተራው የብረት ቸርኬ ይልቅ ዋጋው ከፍ ያለ በመሆኑ የሌባን ዓይን ይስባል። ተራ ዳዶ ደግሞ በማናቸውም የጎማ መፍቻ ስለሚፈታ፥ ሌሊት በመንገድ ዳር የቆመ መኪና ጎማውን ተሰርቆ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። ይህንን ለመከላከል በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ካሉት ዳዶዎች አንዱ ብቻ ወጥቶ በምትኩ ልዩ ቅርጽ ያለው ዳዶ ይገባል። ለአንድ መኪናም አራት ይበቃሉ። የመፍቻው አንድ ጫፍ የዳዶውን ቅርጽ ገልብጦ የያዘ ሲሆን፥ ሌላው ጫፍ ተራው የጎማ መፍቻ የሚገባበት ስድስት ማዕዘን ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ማክጋርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዚህ ሥራ ከታወቁት አንዱ ነው። እያንዳንዱ ቅርጽ የራሱ የኮድ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩም በመፍቻው ላይ ተቀርጾ ወይም አብሮ በሚሰጥ ትንሽ ካርድ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ይህ ቁጥር ያለው ሰው መፍቻው ቢጠፋበት ሌላ ማዘዝ ይችላል። ቁጥሩም መፍቻውም የጠፋበት ሰው ግን በገዛ ንብረቱ ላይ ሌባ እንደሆነ ተቆጥሮ ይቀራል፤ ዳዶው ባለቤቱን ከሌባው ለይቶ አያውቅምና።

ታዲያ መፍቻው የሚጠፋው በምን ምክንያት ነው ቢባል፥ ሦስት ምክንያቶች ጐልተው ይታያሉ። የመጀመሪያው የመኪናው ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍ ነው። በኢትዮጵያ ከሚሽከረከሩት አውቶሞቢሎች ብዙዎቹ በውጭ አገር አገልግለው የመጡ ናቸው። የፊተኛው ባለቤት መፍቻውን በቤቱ መሳቢያ ትቶት ይሆናል፤ በወደብ ወይም በመጋዘን ዕቃ ሲበረበርም ወድቆ ይሆናል። አስመጪው መኪናውን ሲረከብ ሞተሩን ያስነሣል፥ ቀለሙን ያያል፥ ሰነዱን ይመረምራል፤ የጎማውን ዳዶ ግን ጐንበስ ብሎ አያይም። ሁለተኛው ምክንያት የጎሚስታው ቸልተኝነት ነው። ጎማውን ጠግኖ ከመለሰ በኋላ መፍቻውን ዳዶው ላይ እንደ ሰካው ይረሳዋል፤ መኪናውም ጥቂት እንደ ተጓዘ መፍቻው መንገድ ላይ ወድቆ ይቀራል። ሦስተኛው ደግሞ በአየር ግፊት የሚሠራውን ኃይለኛ መፍቻ በዚህች ትንሽ ቁልፍ ላይ መጠቀም ነው። የቁልፏ ቀጫጭን ጥርሶች ይህን ምት ስለማይችሉ ይሰበራሉ፤ የዳዶውም ፊት አብሮ ይላላጣል። ባለ ቁልፍ ዳዶ በእጅ ተጀምሮ በእጅ መፈታት፥ በእጅም መጥበቅ እንዳለበት የማያውቅ ሠራተኛ ብዙ ነው።

ይህ ጉዳይ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ሊታሰብበት የሚገባ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ማስመጣት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ውጤቱ ግልጽ ነው። አስቀድሞ አገር ውስጥ የገባው መኪና ዕድሜው ይረዝማል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔ፥ ከሻሸመኔ ወደ ዶዶላ፥ ከዶዶላ ወደ ሮቤ እየተሸጠ ከአምስትና ከስድስት ባለቤት እጅ ያልፋል። በእያንዳንዱ ሽያጭ አንድ ነገር ይጐድላል፤ መጀመሪያ መጽሐፉ፥ ቀጥሎ ሁለተኛው የሞተር ቁልፍ፥ በመጨረሻም የጎማው ዳዶ መፍቻ። በሌላ በኩል በነዳጁ መኪና ፈንታ እየገቡ ካሉት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ብዙዎቹ ተቀያሪ ጎማ የላቸውም። ተቀያሪ የሌለው ሰው ጎማው ሲቀደድ አውልቆ ማስጠገን ግድ ይሆንበታል፤ ለማውለቅም መፍቻው ያስፈልገዋል። ስለዚህ መኪናው አሮጌም ሆነ አዲስ፥ ነገሩ የሚያርፈው በዚያችው ቁራጭ ብረት ላይ ነው።

ሕጉም ቢሆን በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ማስረከብ ማለት የተሸጠውን ዕቃ ከተጨማሪ ነገሮቹ ጋር ለገዢው መስጠት መሆኑን ያስረዳል። የቤት ሽያጭ ከነበሩ ቁልፍ፥ የሣጥን ሽያጭ ከነሣጥኑ ቁልፍ እንደሆነ ሁሉ፥ ባለ ቁልፍ ዳዶ የተገጠመለት መኪና ሽያጭም ከነመፍቻው ሊሆን ይገባል። የበሩን ቁልፍ ሳይሰጥ ቤት ሸጥኩ የሚል ሰው ቢኖር ይሳቅበታል። የጎማውን ቁልፍ ሳይሰጥ መኪና የሸጠ ነጋዴ ግን እስከ ዛሬ የሳቀበት የለም። ልዩነቱ ገዢው የበሩን መዘጋት በዚያው ቀን ሲያየው፥ የጎማውን መቆለፍ ግን ከወራት በኋላ በተራራ ላይ የሚያየው መሆኑ ብቻ ነው። በሕግ ዘንድ የሁለቱ ጥፋት ባሕርይ ያው ነው።

አሁን መፍቻው የጠፋበት ሰው ምን ያድርግ ወደሚለው እንለፍ ቢባል፥ ከሁሉ አስቀድሞ መፈለግ ነው። መፍቻው ብዙ ጊዜ ከክሪኩ ጋር በአንድ ከረጢት፥ ከተቀያሪው ጎማ ሥር፥ ከመቀመጫ በታች ወይም በፊት ለፊቱ የዕቃ ኪስ ውስጥ ተወሽቆ ይገኛል። ጠፋ ተብሎ ብዙ ወጪ ከተወጣ በኋላ በተቀያሪው ጎማ ሥር የተገኘ መፍቻ ጥቂት አይደለም። ካልተገኘ ካርዱንና የመኪናውን መጽሐፍ መመርመር ነው። የኮድ ቁጥሩ ከተገኘ በመኪናው ወኪል ወይም በአምራቹ በኩል ምትኩን ማዘዝ ይቻላል። ቁጥሩም ከሌለ የዳዶውን ፊት በንጽሕና ጠርጎ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ማንሣትና ለወኪሉ መላክ ይረዳል። አንዳንድ ወኪሎች ልዩ ልዩ ቅርጽ ያላቸውን መፍቻዎች በአንድ ሣጥን ይዘው እያንዳንዱን በመሞከር የሚገጥመውን ያገኛሉና። ይህ መንገድ ቀናት ቢፈጅም ቸርኬውን አይጐዳም። ችኩል ሰው ግን አይወደውም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለውም ለእንዲህ ያለው ነው።

መጠበቅ የማይቻል ሲሆን ያለ መፍቻው መፍታት ይቻላል። ሥራው ግን ሥርዓት አለው። መኪናው በክሪክ ሳይነሣ በመሬት ላይ እንደ ቆመ፥ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፥ ከጎማዎቹም ሥር ታኮ ተደርጎ፥ የቀሩት ዳዶዎች ጠብቀው ሳሉ መጀመር ያስፈልጋል። ሌሎቹ ቀድመው ከላሉ የጎማው ጫና ሁሉ በዚያ በአንዱ ዳዶ ላይ ወድቆ ይበልጥ ያጠብቀዋልና። ዝገት ካለም ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጥቂት ጠብ አድርጎ ጊዜ መስጠት ይጠቅማል። ከዚህ በኋላ ከዳዶው ዙሪያ በጥቂቱ የጠበበ፥ በጋራዥ ቋንቋ ቡሶላ የሚባለውን አሥራ ሁለት ጥርስ ያለው መፍቻ በመዶሻ እየመቱ ዳዶው ላይ በኃይል ማጥለቅ፥ ከዚያም በረጅም ክንድ ቀስ እያሉ ወደ ግራ ማዞር ነው። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራ፥ ውስጡ እንደ ጠመዝማዛ የተቀረጸ ቡሶላም አለ፤ ወደ ግራ በዞረ ቁጥር ዳዶውን እየነከሰ ይሄዳል። ይህን መሣሪያ የያዘ ጎሚስታ አብዛኛውን ባለ ቁልፍ ዳዶ በአጭር ጊዜ ይፈታል። የጠነከረ ብረት በመዶሻ ሲመታ ፍንጣሪ ስለሚያወጣ የዓይን መከላከያ ማድረግ ግዴታ ነው።

ነገር ግን አንዳንዱ ዳዶ ይህን ብልሃት አስቀድሞ ያሰበ ነው። ዙሪያውን ለብቻው የሚሽከረከር ቀለበት ስላለው ከውጭ የያዘውን ሁሉ ያለ ውጤት ያዞረዋል። እንዲህ ሲሆን ቀለበቱን ቀድሞ ማውጣት፥ ካልሆነም የዳዶውን መካከል በትራፓኖ መብሳት ይቀራል። ዳዶው የተሠራበት ብረት የጠነከረ በመሆኑ ተራው የመብሻ ጫፍ ይደንዛል፤ ኮባልት ያለበት ወይም ከዚያ የጠነከረ ጫፍ ያስፈልጋል። ሥራው ትዕግሥትና የጸና እጅ ይሻል። ጫፉ ካመለጠ ቸርኬው ይቧጨራል፥ ዳዶው የሚታሰርበት ቋሚ ቡሎንም ሊበላሽ ይችላል። በጃፓን አውቶሞቢሎች ቋሚው ቡሎን በጎማው መቀመጫ ላይ የተሰካ ስለሆነ ቢበላሽ ተመትቶ ይወጣል፥ አዲስ ይገባል። በብዙዎቹ የአውሮፓ አውቶሞቢሎች ግን ዳዶ የሚባል የለም፤ ቡሎኑ ራሱ ከጎማው መቀመጫ ጋር ይታሰራል። እርሱ ውስጥ ከተሰበረ ስባሪውን ማውጣት ከመጀመሪያው ሥራ የባሰ ይሆናል። ስለዚህ ሠራተኛው ከመጀመሩ በፊት የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቅ አለበት።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። ዳዶ አልፈታ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው በያጅ መጥራትን ነው። ተራ ዳዶ በባለ ቁልፉ ላይ በይዶ ማዞር በርግጥ ይሠራል። ነገር ግን ጎማ የተገጠመበትን ቸርኬ በእሳትም ሆነ በብየዳ ማጋል ለሕይወት አደገኛ ነው። የጎማው ውስጠኛ ክፍል ሲግል ተቀጣጣይ ጋዝ ይፈጠራል፤ አየሩ የተነፈሰ ጎማ እንኳ በዚህ ምክንያት ሊፈነዳ ይችላል። በመንገድ ዳር የቆመ ሰው በሞተ ጎማ ፍንዳታ ሊሞት ይችላል ቢባል ማጋነን ይመስላል፤ ሆኖም እውነት ነው። የአሉሚኒየም ቸርኬም በሙቀት ጥንካሬውን ያጣል። ለኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ የብየዳ ኤሌክትሪክ በመሣሪያዎቹ ላይ ሌላ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። አንድ ዳዶ ለማዳን ሰው አይሞትም፤ እንዲህ ያለውን ሥራ እንቢ የሚል በያጅ ሊመሰገን እንጂ ሊነቀፍ አይገባም።

ዳዶው ከተፈታ በኋላ ሥራው ያበቃ የሚመስለው ሰው አለ፤ ግን አላበቃም። በምትኩ የሚገባው ተራ ዳዶ ውፍረቱና የጥርሱ ርቀት ትክክል መሆን አለበት። ኮሮላ፥ ቪትዝ፥ ሃይሉክስና ፕራዶ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 1.5 ሚሊ ሜትር የጥርስ ርቀት ያለውን ይጠቀማሉ፤ ትልልቆቹ ባለ መቶና ባለ ሁለት መቶ ላንድክሩዘሮች ግን 14 ሚሊ ሜትሩን ነው። መቀመጫውም ሊታይ ይገባል። ሾጣጣ መቀመጫ ያለው ዳዶ ለብረት ቸርኬ ሲሆን፥ ብዙው የቶዮታ የአሉሚኒየም ቸርኬ ጠፍጣፋ ቀለበት ያለውን ይፈልጋል። ሁለቱ ከተቀያየሩ ዳዶው የጠበቀ መስሎ ይታያል እንጂ ቸርኬውን በሚገባ አይዘውም፤ ከሰነቴ ቁልቁል ሲወረድም ጎማው ሊላላ ይችላል። ማጥበቁ በዙር ሳይሆን በትይዩ እያፈራረቁ ነው። ለቶዮታ አነስተኛ አውቶሞቢሎች የተወሰነው ኃይል 103 ኒውተን ሜትር ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላም ደግሞ መፈተሽ ይገባል። ባለ ቁልፍ ዳዶ ስለማይገጠምላቸው የጭነት መኪናዎችም አንድ ቃል ቢጨመር፥ በአንዳንድ የቆዩ አይሱዙዎች በግራ በኩል ያሉት ዳዶዎች የሚፈቱት ወደ ቀኝ ነው። ይህን ሳያውቅ ተቆለፈ ብሎ በኃይል የታገለ ረዳት ቡሎን ሲሰብር ይታያል።

እንዲህ ያለው ዕውቀት በጋዜጣ ሲወጣ ሌባን ማስተማር አይሆንም ወይ የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ሌባ ከጋዜጣ አይማርም የሚል ነው፤ የእጅ ሥራው ስለሆነ አስቀድሞ ያውቀዋል። በመዶሻ መምታት ጫጫታ አለው፥ ጊዜም ይፈጃል፤ የዳዶው ጥቅምም ሌባውን ፈጽሞ ማስቆም ሳይሆን ማዘግየትና ማጋለጥ ነው። የማያውቀው ባለቤቱ ነው፤ ባለማወቁም ገንዘቡን ላገኘው ሁሉ ይሰጣል። ሌብነትን የሚከላከለው ዕውቀትን መደበቅ ሳይሆን የሥራው ሥርዓት ነው። ይኸውም ጎሚስታው ባለ ቁልፍ ዳዶ ያለ መፍቻው ፍታልኝ ለሚለው ሰው ሁሉ፥ በመጀመሪያ ሊብሬውንና የአሽከርካሪውን መታወቂያ አይቶ፥ ሰሌዳውን በመዝገብ ጽፎ ሥራውን መጀመር ነው። ሐቀኛ ባለቤት ይህን ሲጠየቅ አይቆጣም፤ የሚቆጣው ማን እንደሆነ ለመገመት አያዳግትም።

ደግሞስ ይህ ዳዶ ለሁሉም ያስፈልጋል ወይ የሚለው ሊመረመር ይገባል። በአዲስ አበባ የመኪና ስፖኪዮ እንኳ ሲሰረቅ የኖረ በመሆኑ፥ ሌሊት በመንገድ ዳር መኪናውን ለሚያሳድር ሰው ባለ ቁልፍ ዳዶ ከንቱ ወጪ አይደለም። መኪናውን በግቢው ቆልፎ ለሚያሳድር፥ ቀን ቀን ግን በሰነቴና በሃረና ለሚመላለስ የባሌ ነጋዴ ግን ሒሳቡ ይለያል። እርሱን ይበልጥ የሚያሰጋው ሌባ ሳይሆን ጎማውን ማውለቅ አለመቻሉ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው መልካሙ ምክር መፍቻው በእጁ ሳለ አራቱን ዳዶዎች አስፈትቶ በተራ ዳዶ መለወጥ ነው። ይህ በጎባ ወይም በሮቤ በቀን ብርሃን ቢደረግ የአጭር ጊዜ ሥራ ነው፤ በአምባው ላይ በሌሊት ቢደረግ ግን ከባድ ችግር ነው። ዳዶውን ማቆየት የሚወድ ቢሆንም፥ ከመፍቻው ጋር ከመነዳሪ የሌለውን ጎማ ሳይወርድ ከውጭ የሚደፍን የጎማ ክርና ትንሽ ፓምፕ ይዞ ቢጓዝ፥ ቢያንስ በምስማር የተበሳ ጎማ ከጫካው ያወጣዋል።

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ የሚያስረዳው፥ መፍቻውን ማጣት ለመፍታት ከባድ፥ ለመከላከል ግን እጅግ ቀላል መሆኑን ነው። ስለዚህ ሥራው ለሹፌሩ ብቻ የሚተው ሳይሆን የንግዱ ማኅበረሰብ በየደረጃው ሊካፈለው የሚገባ ነው።

በመጀመሪያ አስመጪው መኪና ሲረከብ አራቱንም ጎማዎች ጐንበስ ብሎ ቢያይ፥ ባለ ቁልፍ ዳዶ ካለም መፍቻውንና የኮድ ቁጥሩን ከሻጩ ቢጠይቅ፥ ቁጥሩንም ከሻንሲና ከሞተር ቁጥር ጋር በሰነዱ ላይ ቢጽፍ መልካም ነው። መፍቻው ከሌለም ዳዶዎቹን በራሱ ወጪ አስፈትቶ በተራ ዳዶ ለውጦ ይሽጥ እንጂ ጭንቁን ለገዢው አያስተላልፍ። በጋራዥ ውስጥ የሚወጣው ገንዘብ ስሙን ከሚያጣበት ኪሣራ ያነሰ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ያገለገለ መኪና የሚሸጥም ሆነ የሚያሻሽጥ ሰው በሽያጭ ውሉ ላይ አንድ መስመር ቢጨምር ነገሩ ይቃለላል፤ ይኸውም የጎማው ዳዶ መፍቻ ተሰጥቷል ወይም መኪናው ባለ ቁልፍ ዳዶ የለውም የሚል ነው። በውል የተጻፈ ነገር ይጠየቃል፤ የሚጠየቅ ነገርም አይረሳም።

በሦስተኛ ደረጃ የመለዋወጫ ባለሱቅ፥ ይልቁንም የሮቤና የጎባ ባለሱቅ፥ ትክክለኛ ልክና መቀመጫ ያላቸውን ተራ ዳዶዎች፥ ቋሚ ቡሎኖችንና ጠመዝማዛውን ቡሶላ ከመደርደሪያው ባያጠፋ ለአካባቢው አገልግሎት፥ ለራሱም ትርፍ ነው። ዳዶ ሲሸጥም ልኩ ስለተመሳሰለ ብቻ ይሆናል ብሎ አይስጥ፤ የቸርኬውን ዓይነት ይጠይቅ።

በአራተኛ ደረጃ ጎሚስታው ሥራውን ሲጨርስ መፍቻውን በባለቤቱ እጅ ቢያስረክብ፥ ወይም ባለቤቱ እያየ በተወሰነው ሥፍራ ቢያስቀምጥ፥ የአየር ግፊቱንም መፍቻ ከዚህ ዳዶ ላይ ቢያርቅ፥ ከችግሩ ብዙው ክፍል ይወገዳል።

በመጨረሻም ባለ መኪናው ራሱ አለ። ይህን ያነበበ ነጋዴ ዛሬ ማታ መኪናውን ግቢ ሲያስገባ ጐንበስ ብሎ ጎማዎቹን ይይ። ከዳዶዎቹ መካከል አንዱ ከሌሎቹ የተለየ ከሆነ መፍቻው የት እንዳለ ይፈልግ፤ ካገኘውም የኮድ ቁጥሩን በመዝገቡ ጽፎ መፍቻውን ከክሪኩ ጋር ይሠር። ካላገኘው ነገ ጠዋት ከተማ ውስጥ ሳለ ያስፈታው እንጂ የሰነቴን ጉም አይጠብቅ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፥ በአምባው ላይ የሚደረግ ፍለጋ ለማንም አይጠቅምም።

ንግድ የሚቆመው በመተማመን ነው። ገዢ ለሻጭ ገንዘቡን ሲቆጥርለት ያላየውንም ነገር አምኖ ነው የሚገዛው። ያንን ያልታየውን ነገር ሳይጠየቅ አውጥቶ የሚያስረክብ ነጋዴ የዕለቱን ትርፍ ሳይሆን የዘመኑን ደንበኛ ያገኛል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና፥ የሃረና ቡና በመንገድ እንዳያድር፥ መኪና የሚሸጥ ሁሉ የጎማውን መፍቻ በገዢው እጅ ይስጥ፤ መኪና የሚገዛም ሁሉ እርሷን ሳይቀበል አይፈርም።